«እሷ አታጨስም»

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ሪያድ ውስጥ ዑለያ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የቢሮ ሕንጻ ውስጥ ጽዳት እሠራለሁ። አንድ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሳሉ ያዘኝና መወልወያዬን ጥዬ ቁጭ አልኩ። አክታዬ ጠቁሯል። ደረቴ ያፏጫል። ምክንያቱን አውቀው ነበር። በቀን አሥር ሲጋራ አጨሳለሁ።

ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ያስለመደኝ ብቸኝነት ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቤት አባወራው ልብስ የማሰጣበት ጣሪያ ላይ ፓኬታቸውን ትተው ይወርዱ ነበር፤ እኔም የማወራው ሰው ስላልነበረኝ ከሲጋራው ጋር ተዋወቅሁ። በኋላ ጽዳት ድርጅት ገብቼ መንሱራ ሰፈር ከአምስት የወሎ ልጆች ጋር አንድ ክፍል መኖር ስጀምርም ቅርንፉድ እያኘክሁ ደበቅሁት። የምታጨስ ሴት አገራችን ምን እንደምትባል ታውቁታላችሁ።

ድርጅታችን ማጨስ ማቆም ለሚፈልግ ሠራተኛ እርዳታ ጀምሮ ነበር፦ ምርመራ፣ ነጻ መድኃኒት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ፈቃድ። ዐረብኛ ለሚከብደንም አስተርጓሚ መደበልን። አስተርጓሚዋ ሙና እዚሁ ሪያድ ያደገች፣ እናቷ የአገሬ ልጅ የሆነች የቢሮ ሠራተኛ ናት። ለሳሌ ክሊኒክ ስንገባ ሐኪሟ ስለ ሲጋራ ጠየቀች። ሙና ሳቀች።

«እሷ? አስተግፊሩላህ! እሷ አታጨስም፣ ዶክቶራ።»

ወደ እኔ ዞራ እንኳ አልጠየቀችኝም። አክብራኝ ነው። እኔም አላረምኳት።

ኤክስሬይ ተነሣሁ። ብሮንካይተስ ተባለ። ሁለት ወር ሽሮፕ ጠጣሁ። ሁለቱንም ወር አጨስኩ። ሳሉ ባሰ። ትንፋሽ አጠረኝ። ሶላት ላይ ሱጁድ ወርጄ መነሣት አቃተኝ። ያኔ ፈራሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሙና ሳትደርስ ቀድሜ ገባሁ። የወጥ ቤት ዐረብኛዬ አላዋጣኝም። ሁለት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ለሐኪሟ አሳየኋት። ከዚያ አሥሩንም ጣቶቼን ዘረጋሁ።

ሐኪሟ ተነሥታ በሩን ዘጋች። «ኸላስ፣ በቃ፣ አብረን እናቆመዋለን» አለችኝ። የፈቃድ ወረቀቴ ላይም ሲጋራን ሳታነሣ «የደረት ሕክምና» ብላ ጻፈች።

ባለ አሥራ አራት ሚሊግራም የኒኮቲን ፕላስተር ክንዴ ላይ እየለጠፍኩ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታቱና ብስጭቱ አብረውኝ ከሚኖሩት ልጆች ጋር ቢያጣላኝም፣ ምን እንደነካኝ ሲጠይቁኝ ሙቀቱ ነው እያልኩ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ለአንድ ሰዓት ሐኪሟ ዘንድ እየሄድኩ፣ ፕላስተሩም ወደ ሰባት ዝቅ ብሎ በመጨረሻ እስኪቀር ድረስ ዘለቅሁ። አሁን አራተኛ ፎቅ ሳላርፍ እወጣለሁ። ሙና ሽሮፑ የሠራ ይመስላታል።

ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በቀደም እናቴ ደውላ «ድምፅሽ ጠራልኝ፣ ልጄ» አለችኝ። ልነግራት በጣም አማረኝ። ግን ማቆሜን ለመንገር ማጨሴን መንገር ነበረብኝ። ዋጥ አደረግሁት።

ሐኪሟን አላህ ይስጥልኝ። ያን ሰዓት ፈቃድ የሰጡኝንም እንዲሁ። የምታስተረጉሙ እህቶቼ፣ እባካችሁ ጥያቄውን እንዳለ ጠይቁና መልሱን ጠብቁ። አንቺ ደግሞ እንደኔ ተደብቀሽ የምታጨሺ፣ በምልክትም ቢሆን ለሐኪምሽ ንገሪያት። ስታቆሚ አጠገብሽ ደስ የሚለው ሰው ላይኖር ይችላል። እኔም አልነበረኝም። ስለዚህ ከአሁኑ ከእኔ ይድረስሽ፦ እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ።