ሽንት ቤት ብሎ ያልጻፈው አጣፊ

በልብስ ማጠቢያ ቤታችን በር ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ አለ፤ እስክሪብቶው እንዳይሰረቅ በክር ታስሯል። ከቦታው የሚነሳ ሠራተኛ የወጣበትን ሰዓት፣ ምክንያቱንና የተመለሰበትን ሰዓት ይጽፍበታል። በሥራ መውጫ ላይ ተቆጣጣሪው ይፈርማል። አሥራ ሁለት ነን፤ የአሥራ አንዳችን ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሽንት ቤት። ስልክ ለማውራት ስንወጣ ሽንት ቤት፣ ፀሐይ ለመሞቅ ሽንት ቤት። እኔም፣ ልብስ ተኳሹ፣ ካውያው ሲሰለቸኝ ሾልኬ ከጥበቃው ጋር ዳማ እየተጫወትኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሽንት ቤት እላለሁ።

አሥራ ሁለተኛው ሰው ግን እንዲህ ይጽፍ ነበር፦

«ረፋድ 4:12። ሀሺሽ ለማጨስ። ምክንያት፦ ሁለተኛው ማድረቂያ ይጮኻል። ሦስት ጊዜ ሳብኩ። ተመለስኩ 4:23።»

ሰባት ወር ሙሉ፣ ከወጣባቸው ቀናት አንዱንም ሳያጓድል። ተቆጣጣሪውም ሰባት ወር ሙሉ ፈረመበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሚያነብ ሰው ከሌለ ግን የት ይጠራል?

ልክክ የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ ነን። አንሶላ ሲያጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ ልክክ ይላል፣ በማስመሪያ ብትለካው የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት አታገኝበትም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከታላቅ እህቱ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ይኖራል። በሠላሳ ዓመቱ አንድ ሐኪም ኦቲዝም እንዳለበት ሲነግረው «እኔ አውቀዋለሁ፤ ለሌሎቹ ይንገሩልኝ» አለ አሉ። ከኛ ቤት በፊት ከአራት ሥራ ተባሯል። በአንዱም ላይ ሥራው ተበላሽቶ አይደለም። «አትግባባም» ተብሎ ነው።

አዲሷ ሥራ አስኪያጅ አንድ ክፉ አመል ይዛ መጣች፤ የተጻፈ ነገር ታነባለች። በሁለተኛው ቀን መዝገቡን ታቅፋ ተቆጣጣሪውን ጠራችው።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ይህስ?»

«እሱም... የእኔ ነው።»

«መቶ አርባ ስድስት ጊዜ!»

ሽማግሌው ተቆጣጣሪ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና የልክክ ማጠፊያ ጠረጴዛ ላይ ተደገፈ።

«አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ? እንደ ሰው ሽንት ቤት ብለህ አትጽፍም?»

«ሽንት ቤት አልሄድኩም፣ ጋሼ።»

«እኛስ ሄደን ነው እንዴ?»

«እሱን አላውቅም። እናንተ ሄድን ብላችኋል።»

ሥራ አስኪያጇ ለልክክ የሠላሳ ቀን ጊዜ ሰጠችው፤ ከሚረዳው ባለሙያ ደብዳቤ ያምጣ፣ አለዚያ ይሰናበታል። እህቱ ሰምታ ሳትውል ሳታድር መጣች። «ወንድሜ ይሄ ሥራ ከሄደበት ቤት ውስጥ መጋረጃዬን ሲያጥፍ ሊውል ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ጥፋቱ የኛም ስለሆነ አብሬው ሄድኩ። መጀመሪያ የሄድነው ሱስ ያለባቸው ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ነው። ወንበሩ በክብ ተደርድሯል፤ የጣሪያው መብራት እንደ ዝንብ ጥዝ ይላል። አስተባባሪው ልቡ ደግ፣ ጆሮው ግን ድፍን የሆነ ሰውዬ ነው።

«ዓይን ዓይኔን እያየህ አውራኝ» አለው። «ዓይኑን የሚሸሽ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።»

«ዓይንህን ካየሁ የምትለውን መያዝ አልችልም። የቱን ትፈልጋለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተባባሪው ግን ሁሉም አጠገቡ ያለውን ሰው ይቀፍ ብሎ አዘዘ። ልክክ ብድግ ብሎ በሩ ጋ ደረሰና ግራ ቀኝ ፈለገ፤ የመውጫ መዝገብ የለም። ሳይጽፍ መውጣት አይሆንለትም። ከእኔ ኪስ ወረቀት ወስዶ «ለማጨስ ወጣሁ። ምክንያት፦ እቅፍ» ብሎ ጽፎ በሩ ላይ ሰካው። ያን ቀን ስድስት ጊዜ ሳበ።

«ለመዳን ገና ዝግጁ አይደለም» አለኝ አስተባባሪው። በሽቄ ነበር። በአንድ ቁጥር ብቻ ጫማ ሰፍተህ ያልገባለትን ሰው «እግርህ ጥፋተኛ ነው» ማለት ምን የሚሉት እርዳታ ነው? ሰይጣን አስያዘው የሚለው ዘመድም፣ ምከረው እያለ የሚያልፈው ጎረቤትም፣ ሁሉም ሳይጠይቀው መልስ ይዞ ይመጣል። ሀሺሹን የሚሸጥለት ሰውዬ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። «ለአንተ ዓይነቱ ሀሺሽ መድኃኒት ነው» ብሎ ጠንከር ያለውን ሰጠው። ልክክ የአንሶላ መጋዘኑ ወለል ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ተገኘ። እግሩ አልንቀሳቀስ ብሎታል፤ የልቡን ምት ግን ይቆጥራል፣ በደቂቃ መቶ አሥራ ስምንት። እህቱ መጥታ፣ ሳትነካው፣ አጠገቡ ተቀመጠች እስኪያልፍለት። እሱንም ጻፈው፦ «መድኃኒት አይደለም። ፈራሁ።»

ሃያ ቀን ሲቀረው እህቱ በሰው በሰው አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ አገኘች። ክፍሏ ስንገባ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መብራቱን ማጥፋት ነው፤ የመስኮቱ ይበቃል አለች። ወንበሯንም ከፊቱ አንስታ ጎን ለጎን አደረገችው።

«እናውራ ወይስ የተጻፈ አለህ?»

አለው እንጂ! ልክክ መዝገቡ ላይ የጻፈውን ሁሉ ቤቱ ደብተር ላይ ይገለብጣል። ደብተሩን ሰጣት። አርባ ደቂቃ አነበበች፤ እኔ ስቁነጠነጥ ሁለቱ ግን ፍጹም ተመችቷቸዋል።

«እነዚህ ዘጠኝ ቀናት ባዶ ናቸው። ምን ሆነህ ነው?»

«ማድረቂያው ተበላሽቶ ቆሞ ነበር።»

ወደ እኔ ዞረች። «መጮኽ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

«ዓመት አልፎታል። ኩሽኔታው አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል።»

«እናንተስ?»

«እኛማ... ለመድነው።»

እሷ እንዳየችኝ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም፤ ባለቤቴም ጭምር። ከዚያ ደብተሩን ለልክክ አሳየችው። «እዚህ ሦስት ጊዜ ትስብ ነበር። እዚህ አምስት ሆኗል። ጩኸቱ ግን ጨምሯል?»

ልክክ ገጾቹን አገላበጠ። «አልጨመረም» አለ ቀስ ብሎ። «የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ማቆም ትፈልጋለህ?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያን ቀን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እኔንም ጨምሮ። «መቀነስ እፈልጋለሁ። ማቆሙን ገና አላውቅም» አላት። እሷም ደብዳቤው ላይ እንዳለ ጻፈችው፤ አንዲት ቃል አላሳመረችም። ከሥሩም ማድረቂያው ይጠገን፣ የጆሮ መከላከያ ይሰጠው፣ ትእዛዝ በጩኸት ሳይሆን በጽሑፍ ይድረሰው፣ ሲብስበት አሥር ደቂቃ ጸጥ ያለ ክፍል ይግባ አለች። በየሁለት ሳምንቱም ቀጠረችው።

ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ተቆጣጣሪ፣ መቶ አርባ ስድስት ፊርማ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ደብዳቤውን ባየ ማግስት መካኒክ ይዞ ከተፍ አለ። ኩሽኔታው ተቀየረ። ያን ዕለት ዝምታው እኛንም አስደነገጠን፤ ለካ አንድ ዓመት እየተጯጯህን ነበር የምናወራው!

በሠላሳኛው ቀን ሥራ አስኪያጇ ሁላችንንም ሰበሰበችና ደብዳቤውን አነበበች። «አቁሟል አይልም» አለች። መዝገቡን ከፈተች። ልክክ ያልወጣባቸውንም ቀናት ጽፏቸዋል፦ «አልወጣሁም። ምክንያት፦ ማድረቂያው ዝም ብሏል።» «አልወጣሁም።» «ጸጥ ያለ ክፍል፣ አሥር ደቂቃ።» ጣቷ «ለማጨስ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ላይ ቆመ።

«እነዚህ ሁለቱስ?»

«አንደኛው ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳ ሲበሳ ነው። ሁለተኛው የእርስዎ ስብሰባ ነው።»

ተቆጣጣሪው ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። አምስተኛ ሥራውም በዓይናችን ፊት ሊሄድ ነው አልኩ።

«ስብሰባዬ ምን ሆነ?»

«አርባ ደቂቃ ፈጀ። የተባለው ግማሽ ገጽ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቶውን በክሩ ጎትታ፣ መዝገቡ ጠርዝ ላይ «ስብሰባ በጽሑፍ ይሁን» ብላ ጽፋ ፈረመች። መዝገቡ ተነብቦ ሲፈረምበት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ትቀጥላለህ። ግቢ ውስጥ ማጨስ ግን ከአሁን ጀምሮ የለም።»

«5:02» አለና መዘገበው።

ተነፈስን። እሷ ግን ገጹን ገለጠች። «ተኳሹ! ትናንት ዘጠኝ ጊዜ ሽንት ቤት ሄደሃል። ሌሎቻችሁም ስድስት፣ ሰባት። ይህ ጤና አይደለም። ዛሬውኑ ሁላችሁም ለሽንት ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ!»

ማን ደፍሮ «ዋሽተን ነው» ይበል? ተሰለፍን። እኔ ቀድሜ መዝገቡ ጋ ደረስኩና «5:10። ለሽንት» ብዬ ጻፍኩ። ልክክ ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ አነበበው።

«ይሄኛው እውነት ነው» አለኝና ወደ አንሶላው ተመለሰ።