የመጀመሪያው ውሃ

ጣልያኖች የያዙኝ በበሶ ነው። ጫካ ላሉት አርበኞች የፈጨሁትን በሶ አህያ ላይ ጭኜ ልኬ ኖሮ ጀውሃ መንገድ ላይ ተያዘ። ነጂው ሮጦ አመለጠ፤ አህያዋ ግን ቤቷን ታውቃለች፣ ዝም ብላ ወደ ደጄ መራቻቸው። ቤቴን አቃጥለው እኔን ወሰዱኝ።

ሸዋ ሮቢት፣ የጥጥ መጋዘን ውስጥ፣ ከሰባት ሴቶች ጋር ዘጉብኝ። ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ ቆርቆሮው ቀን ቀን ይንጣጣል። ነቀዝ የበላው የማሽላ ዱቄት ይሰፈርልናል፤ ግቢው ውስጥ በሦስት ድንጋይ ላይ፣ በጣልያን የዘይት ጣሳ ገንፎ እናገነፋለን። የማገነፋው እኔ ነበርኩ። ባሌ ጫካ ነው፣ ቤቴ አመድ ነው፤ ያቺ ጣሳ ነበረችኝ።

ከዚያ አንዲት የአሊዩ አምባ ነጋዴ አመጡ። ታላቄ ናት፣ እትዬ እላት ነበር። ለተናገረችው ሁሉ «ወላሂ» ማለት ልማዷ ነው። በሻሿ ጫፍ ድቁስ አብሽ ቋጥራለች። አንድ ቀን «እስቲ ዛሬ እኔ ልሞክር» አለችና ጀርባዋን ሰጥታን አገነፋች። ሴቶቹ ጣታቸውን ላሱ።

«ውይ! እስከ ዛሬ ጭቃ ነበር እንዴ የምንበላው?» አለች አንዷ፣ እኔን እያየች።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሳዋ የሷ ሆነች። እውነቱን ልናገር፣ ከጣልያን ይልቅ እሷን ጠላሁ። ገንፎዋ ሲጣፍጠኝ ደግሞ ባሰብኝ።

ለካ ሽታው የባንዳውን አለቃ ደርሶታል። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመና፣ «ባለሙያዋ የቷ ናት? ለጌቶቹ ወጥ ቤት ትፈለጋለች» አለ።

ሁሉም ወደ እሷ ሲዞሩ ቀደምኳቸው።

«እኔ ነኝ!»

ጌቶቹ ያላቸው ጣልያኖቹን መሆኑ የገባኝ ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ተነሺ።»

«ባለሙያዋስ እኔ ነኝ። ለነሱ ግን አላበስልም» አልኩት።

ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ነሽ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እኔ? ጌታው፣ እኔ የጨው ነጋዴ ነኝ፤ ውሃ እንኳ አፍልቼ አላውቅም። ገንፎው የሷ ነው።»

ወላሂ ግን አላለችም። ልብ ብዬ አዳምጫለሁ።

በጥፊ አጮለኝና ሄደ። ሁለት ቀን ዱቄት ተከለከልን። ማንም አልወቀሰኝም፤ እሷ ብትወቅሰኝ በተሻለኝ።

በሦስተኛው ቀን ዱቄቱ ሲመጣ ጣሳዋን አንስታ ጠራችኝ። «ነይ እንጂ፣ ባለሙያ ተብለሽ የለ! ሰው ሳይስቅብን ተማሪ።»

ያን ቀን ጀርባዋን አልሰጠችኝም። የተነከረውን አብሽ አሳየችኝ። «የመጀመሪያውን ውሃ ድፊው፤ ምሬቱ እዚያ ነው። ዱቄቱን ደግሞ ውሃ ሳይነካው አመስ አመስ አድርጊው።» ከዚያ ማማሰያውን እጄ ላይ አስቀምጣ ቦታዋን ለቀቀችልኝ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ገንፎዬን በልተው፣ «እማማ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ከማን ተማርሽው?» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ እነግራቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን፣ እሷ ይቅር ትበለኝ፣ «ከማንም» እላለሁ።