ስም የምትቀይረው ባልቴት

ኮንዲባ የቪቶባ መቅደስ ወዳለባት የህንድ ከተማ ወደ ፓንዳርፑር በሚወርደው መንገድ፣ ከተሳላሚዎቹ ፊት ፊት እየሄደ መዝሙር ሲመራ ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ግን አንዲት የማያውቃት ባልቴት ትዕግሥቱን አስጨረሰችው።

በሶብላ የተተከለበት የነሐስ ማሰሮ በአናቷ ተሸክማ፣ የወንድ ላስቲክ ጫማ አጥልቃ ከኋላው ትከተላለች። ጫማው ይሰፋታልና ጭቃው በያዘባት ቁጥር ሰልፉን ታስቆማለች። ይህንንስ ችሎታል። ያቃተው የመዝሙሩ ነገር ነው።

መዝሙሩን የደረሰችው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በሰው ቤት እህል እየፈጨች አምላኳን ቪቶባን ታወድስ የነበረች ገረድ ናት፤ ዛሬ እንደ ቅድስት ትከበራለች። በየመዝሙሯ መጨረሻ የራሷን ስም አስገብታለች። ሰዉ ሁሉ ያንን ስም ሲጠራ ባልቴቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ሩክማ» ትላለች።

«እማማ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎት? መዝሙሩ ውስጥ ሩክማ የምትባል የለችም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው የቅድስቲቱን ስም የሚሽሩት?»

«የእሷንማ ሁላችሁም ትጠሩላታላችሁ» አለች ማሰሮዋን እያስተካከለች። «ልጄ ሩክማም ስትፈጭ ታዜም ነበር። ስትዳር ባሏ ቤት ድምፅሽን እንዳንሰማ አሏት። ከዚያ ወዲህ እኔም አልሰማኋት።»

ኮንዲባ በግኗል፤ በማን እንደበገነ ግን ለራሱም አልገባውም። ጸናጽሉን አንስቶ ቀጣዩን መዝሙር ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ የቅድስቲቱን ስም ጠራና፣ ፊቱን እንዳኮሳተረ ባልቴቷ «ሩክማ» እስክትል ጠበቃት።