በክፍል ውስጥ እናት የለችም

ተማሪዎቿ «እንደገና» ይሏታል። ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! አንዱ አንቀጹን አንብቦ፣ ተገላገልኩ ብሎ ሊቀመጥ ሲል «እንደገና» ትለዋለች። መጀመሪያ ሲያነብ ለመጨረስ ይጣደፋል፣ ሁለተኛ ሲያነብ ቃላቱን ያያል፣ ሦስተኛ ሲያነብ ደግሞ በንዴት ስለሆነ ነገሩ ይገባዋል። የእሷ ዘዴ ይኸው ነው። ወሬው ከክፍሏ አልፎ የጽዳት ሠራተኞቹ ጋ ደርሷል፤ አንዷ ወለሉን ገረፍ ገረፍ አድርጋ ልትሄድ ስትል ሌላዋ «እንደገና!» ብላ ትጠራታለች፤ ከዚያ ሳቅ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ስታስተምር ፀጉሯ ሸብቷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሁለተኛው መንፈቅ በመጣ ቁጥር የምታስተምረው ያንኑ አንድ ልቦለድ ነው። የተማሪዎቹ ወላጆች፣ ከእነሱም በፊት የነበሩት ያነበቡት የድሮ መጽሐፍ ነው፤ ቅጂዎቹ ከማርጀታቸው የተነሳ ሲገለጡ ይንኮሻኮሻሉ። ታሪኩ የአንድ ልጅ ነው። ልጁ በከተማው የልጆች መዝሙር ቡድን ውስጥ በቀጭን ድምፁ የታወቀ ነበር። አንድ ቀን ድምፁ ይጎረንንና ከቡድኑ ይወጣል። ትልልቆቹ ጋ እንዳይገባ ገና ነው፣ ትንንሾቹ ጋ እንዳይቆይ አልፎበታል። ከዚያ ወዲያ ቤትም ውስጥ መናገር ይተዋል። ክረምቱን በሙሉ ብቻውን ከተማውን ሲዞር ከርሞ መጨረሻ ላይ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ በሩን ያንኳኳል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ይከፈትለት አይከፈትለት ደራሲው ትንፍሽ አይልም። እንዲህ ያለ ደራሲ ጎረቤት ቢሆን ሰው ይጣላው ነበር።

«ቁልፍ እያለው ለምን አንኳኳ?» የሚለው ጥያቄ ከፈተና ቀርቶ አያውቅም። መልሱም የታወቀ ነው፦ ተጸጽቶ ነው፤ ማንኳኳቱ ይቅርታ መጠየቁ ነው። እሷ በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች፣ ተማሪው ይገለብጠዋል፣ ፈተናው ላይ መልሶ ይጽፈዋል፣ ያልፋል። ማንም አይጎዳም፤ ማንም ሰው ደግሞ ስለዚያ ልጅ አስቦ እንቅልፍ አያጣም።

በዚህ ዓመት ግን የገዛ ልጇ ክፍሏ ገባ። ለዚያ ደረጃ ያለችው የሥነ ጽሑፍ መምህርት እሷ ብቻ ስለሆነች ማምለጫ አልነበረም። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ እሷ ሳህን እያጠበች እሱ እየወለወለ፣ ተዋዋሉ።

«ክፍል ውስጥ እናትህ አይደለሁም» አለችው።

«እኔም የማላውቅሽ ሰውዬ ነኝ» አላት። «ቲቸር እልሻለሁ። እንዲያውም አንቱ እልሻለሁ።»

«አንቱ በለኝ፣ ግን እንዳትስቅ።»

በዚያን ቀን ሁለቱም ሳቁ። ጨዋታ መስሏቸው ነበር።

ሴትዮዋ ግን የያዘችውን ነገር በዋዛ የምትለቅ አይደለችም። የመምህራን ክፍል ውስጥ «ለልጇ ታዳላለች» የሚል ወሬ እንዳይነሳ ፈራች። ስለዚህ ልጇ እጁን ሲያወጣ ዓይኗ በላዩ ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ያርፍ ጀመር። የሌላውን ተማሪ ጽሑፍ ስታርም «ጎበዝ፣ በርታ» ትላለች፤ የእሱ ላይ ነጥብ ብቻ ትጽፋለች፣ እሱንም ቆንጥራ። መንፈቁ አለቀ፣ ሌላው ተጀመረ፤ ልጁን አንድ ቀን ተነስ ብላው አታውቅም። አድልዎ እንዳይባል ብላ የሠራችው ሥራ ራሱ ግፍ እንደሆነ አልታያትም። ሰው መልካም የሠራ ሲመስለው ዓይኑ ይታወራል መሰል።

ይባስ ብሎ ውሉ ከክፍል ወጥቶ ተከትሏቸው ቤት ገባ። አባትየው የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤቱ እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ እንግዳ የሚሄድ ነው። እናትና ልጅ የየራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ልጁ ከፍቶ ይገባል፤ እናቱ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ከምራ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ታርማለች።

«በልተሃል?» ትለዋለች፣ ቀና ሳትል።

«በልቻለሁ።»

የልጁ ክፍል በር ይዘጋል። የቀኑ ጨዋታ ይኸው ነው።

በዚህ መሃል ታላቅ ወንድሟ ከሌላ ከተማ ደወለ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መጠገኛ ያለው፣ ቤተ ሰፊ፣ ልጆቹን ድሮ የዳረ ሰው ነው። «ልጁን ላኪልኝ» አለ። «የቀሩትን ዓመታት እኔ ዘንድ ይማር። ክፍል አለ፣ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ ሙያም ያያል።»

የእሷ ሆድ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። «እንኳን ዓመታት አንድ ሳምንትም አልሰጥህም!» ብላ ስልኩን ልትዘጋበት ነበር። ግን ስለ ወጣቶች ያላነበበችው መጽሐፍ የለም፤ ሁሉም ደግሞ ለሚያድግ ልጅ ነፃነት ስጡት ይላሉ። ስለዚህ ወንድሟን በደህና ተሰናብታ የተባለውን ለልጇ ነገረችውና፣ ድምፅዋን አስተካክላ፣ «ምርጫው ያንተ ነው» አለችው። «አስብበትና መንፈቁ ሳያልቅ ለአጎትህ መልስ ትሰጠዋለህ።»

ልጁ አያት። «እሺ» አለና ክፍሉ ገባ። እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ለቀቀችና አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወረቀቷን ማረም ቀጠለች። በማግስቱም በሌላውም ቀን ነገሩን አላነሳችውም። ባነሳው ይከብደዋል፣ ላጨናንቀው አይገባም አለች። ልቧ ግን ከልጁ ክፍል ሻንጣ ሲከፈትና ሲዘጋ በሰማች ቁጥር ድንግጥ ይላል።

የመጨረሻው ምዕራፍ የተነበበው ዓርብ ዕለት ነው። አጎትየው በዚያው ቀን ማታ ለመልሱ እንደሚደውል ተናግሯል። መጽሐፉ ስለማይበቃ ሦስት ሦስት እየሆኑ አንዱ ላይ አጎንብሰዋል፤ ክርን ይጋፋል፣ «አትግለጠው፣ አልጨረስኩም» የሚል ሹክሹክታ ይሰማል። አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሉት ልጅ የመጨረሻውን ገጽ አነበበ።

«እንደገና» አለችው።

«አውቄው ነበር» አለና እንደገና አነበበ፤ አሁንም «እንደገና» አለችው። በሦስተኛው ላይ የሬዲዮ ድምፅ እንኳ ዝግ አለ፤ የመጽሐፉ ልጅ ደረጃውን ሲወጣ፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ሲዳብስ፣ ቆሞ ሲቀር፣ ከዚያ ሲያንኳኳ።

«እህስ፣ ለምን አንኳኳ?»

የፊት ወንበር የማትለቀው ጎበዝ ልጅ ጥያቄው ሳያልቅ ተነሳች። «ስለተጸጸተ ነው ቲቸር። ማንኳኳቱ ይቅርታ መጠየቅን ያመለክታል።» ታላቅ እህቷ ከእሷ በፊት የተማረችበትን ደብተር ሳትወርስ አልቀረችም።

«ጎበዝ» አለች መምህርቷ። ጠመኔዋን አንስታ ወደ ሰሌዳው ልትዞር ስትል ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። አየችው። እንደ ልማዷም አለፈችው።

«ኧረ ቲቸር፣ ይቅርታ!» አለ ሬዲዮ። «ያ እጅ እኮ ባለፈው መንፈቅ የወጣ ነው። ሊደርቅ ነው! የሰው ልጅ ነው፣ ይዘኑለት!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን ሳቁ አልደረሳትም፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እፍረት ወረራት። ለካ ሁሉም አይተዋል። ከእሷ በቀር ያላየ የለም።

«እሺ፣ አንተ ተነስ» አለች።

ልጇ ተነሳ። መቼ እንዲህ እንደረዘመ እንጃ፤ ቆሞ ሲናገር አይታው ስለማታውቅ አዲስ ሰው ሆነባት።

«የተጸጸተ አይመስለኝም ቲቸር» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ምን አጠፋ? ድምፁ ጎረነነ እንጂ ሰው አልገደለ።»

ሳቅ ሆነ። እሱ አልሳቀም።

«ታዲያ ለምን አንኳኳ?»

«በቁልፉ ቢገባ ማንም ሳያውቅ ይገባል። በልተሃል? ይሉታል፣ በልቻለሁ ይላል፣ ክፍሉ ገብቶ ይዘጋል፣ አለቀ። ካንኳኳ ግን አንድ ሰው ከተቀመጠበት መነሳት አለበት። ለእሱ ብሎ የሚነሳ ሰው አለ ወይ የሚለውን ማወቅ ፈልጎ ነው።»

እናትየውን ሌላ ቃል እምቢ ስላላት የለመደችው ቃል ወጣ።

«እንደገና» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

እንደገና ተናገረው። በዚህኛው ጊዜ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን እያያት ነበር።

የፊት ወንበሯ ልጅ ተጨነቀች። «ቲቸር፣ ታዲያ የቱን እንጻፍ? ፈተና ላይ እኮ ይመጣል!»

መምህርቷ ጠመኔውን አስቀመጠች። «ያመናችሁበትን ጻፉ። ማስረጃውን ከመጽሐፉ አምጡ፤ ካመጣችሁ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።»

«በምንም ያላመንንስ?» አለ ሬዲዮ።

«አንተ ምዕራፉን ሁለት ጊዜ ታነበዋለህ።»

ደወል ተደወለ። ተማሪው እንደ ልማዱ እየተጋፋ ወጣ፤ ልጇ ቦርሳውን ለመዝጋት ከወትሮው ረጅም ጊዜ ወሰደ። እሷ ሄዳ በሩን ገጠም አደረገችው።

«ቲቸር…» ብሎ ጀመረ።

«ቲቸር ወጥታለች።»

እሷ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ በጎን ዞረች።

«አጎትህ ዘንድ ልትሄድ ነው?»

«ምርጫው ያንተ ነው አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«አጎቴ ና ይለኛል። አባዬም ደውሎ ሂድ፣ ወንድ ልጅ ወጣ ብሎ ማየት አለበት ይለኛል። ሁሉም የሚፈልገውን ነገረኝ። አንቺ ብቻ ምንም አላልሽም።» ከንፈሩን ነከሰ። «ባልኖርም ግዷ አይደለም ማለት ነው አልኩ።»

ግዷ አይደለም! ያን ሁሉ ቀን ሻንጣ በተንኳኳ ቁጥር ስትደነግጥ፣ ውሃ ከፍታ ስታለቅስ፣ ልጁ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይህን ሲያስብ ኖሯል። ነፃነት ስጡት የሚሉትን መጻሕፍት ሁሉ ሰብስባ ብታቃጥላቸው ደስ ይላት ነበር።

«አልፈልግም» አለች። «እንድትሄድ አልፈልግም። የአጎትህ ቤት ሰፊ ነው፣ አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ ከኛ ይሻላል፣ እሱንም አውቃለሁ። ቢሆንም አልፈልግም! ያንን ቤት ብቻዬን ይዤ ወረቀት ሳርም ልኖር ነው? ልትሄድ ከቆረጥክ እግርህን አልይዝም። ግን ‹ሂድ› ብላኛለች እንዳትል። እኔ እምቢ ብያለሁ። ይሄን እወቅልኝ።»

ልጁ መጀመሪያ ኮስተር ብሎ ቆየ። ከዚያ ፊቱ ከዳው፤ ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ አልሆነለትም።

«ይህችን ለማለት ይህን ያህል ጊዜ?»

«እንዳላጨናንቅህ ብዬ ነው።»

«ትንሽ ብታጨናንቂኝ ምን ነበረበት እማዬ?»

በዚያ ክፍል ውስጥ እማዬ ሲላት የመጀመሪያው ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠርዝ እየጠረገች፣ «ቆሽሾብኛል» አለች፤ እሱም እውነት እንደቆሸሸ ያመነ መስሎ ጠበቃት።

ማታ ስልኩ ሲጮህ እሷ ወጥ ቤት ድንች ትልጣለች። ልጁ ነው ያነሳው። ቢላዋዋ ቆመ።

«አቤት አጎቴ… ደህና ነኝ… አይ፣ አልመጣም» ሲል ሰማችው። «እኔማ ምን አውቄ… እማዬ ናት እምቢ ያለችው። አዎ። ለመንኳት እንዴ? ምን ልለምናት፣ ጭራሽ አይሆንም አለች እኮ!»

የሚያማርር ሰው ቃል ነበር። ግን ስልኩን ይዞ ከሳሎን እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ መጥቶ ነው የሚናገረው፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። አጎትየው አንዴ ሲባል ሰምቶታል፤ ልጁ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት፦

«አልለቅህም አለችኝ፣ ምን ላድርጋት!»