የተወቀረው ወፍጮ

ደብረ ማርቆስ፣ ቤቴ ፊት ለፊት ኮብልስቶን የሚጠርቡ ሰዎች አሉ። መዶሻቸው ባረፈ ቁጥር የተመታ ድንጋይ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ እንደ ተጫረ ክብሪት ነው። ያኔ እናቴ ወፍጮዋ ፊት ተንበርክካ ትታየኛለች።

አያቴ የተቀበረች ሳምንት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የፈጨችበት ድንጋይ መሐሉ ጎድጉዶ፣ ለስልሶ አልፈጭ ስላለ እናቴ እንዲሻክር በመዶሻ እየነቆረች ወቀረችው። ወፍጮ ሲወቀር የመጀመሪያው ዱቄት አሸዋ አለበት ተብሎ ይደፋል። እናቴ ግን ቂጣ ጋገረችው።

"እማዬ፣ ይሄ አይደፋም እንዴ?"

"ይህ ድንጋይ ዱሮ እሳት ነበር ይላሉ። ሲፈላ ያወጣውን ዓይን አታዪም?" አለችኝ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን እየዳሰሰች። "በርዶ ድንጋይ ሆነ፤ እኛ ደግሞ በዱቄት በላነው። የጎደለው የት የሄደ ይመስልሻል? አያትሽ ውስጥ ነው። እሷም አፈር ልትሆን ነው።"

ብዙው አልገባኝም። ቂጣውን ስንበላ አሸዋው ጥርሴ ስር ተንቀጫቀጨ። ልተፋው ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችው።

"ዋጪው። የእሷ ነው።"

አሁን እናቴም አያቴ አጠገብ ተቀብራለች። ዛሬ መስኮቱን ልዘጋ ስነሳ የድንጋዩ ብናኝ ከንፈሬ ላይ አርፏል። በእጄ ልጠርገው አልኩና ተውኩት፤ ላስኩት።