እመጫቷ የጨረሰችልኝ ተረት

ፖሊሶች የያዙን ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ በተከራየናት ክፍል ውስጥ፣ ስለ ሰካራም አነጋገር ስንከራከር ነው። መንፈሳዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ የምንሞካክር ሰዎች ነበርን፤ አብዛኞቹ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። እኔ ሁለት መጻሕፍት ስላሳተምኩ መምህር ተብዬ ከፊት እቀመጣለሁ። አንዷ ባነበበችልን ታሪክ ውስጥ ሰካራሙ «ወንድሜ ሆይ፣ ከመንገዴ ስቻለሁ» ይላል። «እንዲህ የሚናገር ሰካራም አራዳ ውስጥ ካለ አድራሻውን ስጪኝ፤ ሄጄ እጋብዘዋለሁ» አለ አንዱ፤ ሳቅን። በሩ የተከፈተው ሳቃችን ሳያልቅ ነው።

ያለ ፈቃድ ተሰብስባችኋል ተባልን። ሌሎቹን በዚያው ዕለት ለቀቋቸው። እኔ ሰብሳቢ ነሽ ተብዬ ቀረሁ። መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ለጀማሪዎች ያባዛሁትን የምክር ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

«‹ገጸ ባሕርይህን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረህ ችግር ውስጥ ክተተው› ይላል። ችግር ውስጥ የሚገባው ማነው?»

«ገጸ ባሕርዩ ነው።»

«ስሙ?»

«ገና አልወጣለትም።»

ይህንንም ጻፈው።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ናት። የሲሚንቶው ወለል በበረኪና ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ፍራሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የታክሲ ረዳት «ቴዎድሮስ፣ ለገሃር» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ቀድመው የታሰሩት ሴቶች ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ፈርቼ ነበር፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያናገሩኝ እናት የወሎ ሰው ናቸው፤ ፒያሳ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ። ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። ሰዎቹ የመጡት ልጃቸውን ሊይዙ ነበር፤ እሱን ሲያጡ እሳቸውን ይዘው ሄዱ። እማማ ይህን ሲያወሩ «ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አሳዘኑኝ፤ ተከተልኳቸው» ይላሉ።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሥራሽ ምንድን ነው?»

«እጽፋለሁ፣ እማማ። መንፈሳዊ ታሪክ።»

«እሰይ! እዚህ ሬዲዮ እንኳ የለንም። አንቺን አላህ ላከልን።»

ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተኛች ወጣት ነበረች። የአራት ወር ልጅ እናት ናት። የያዟት ሰፈራቸው ሲፈርስ በስልኳ ቀርጻ ለሰው ስላሰራጨች ነው። ሕፃኗ ከአክስቷ ጋር ውጭ ቀርታለች። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና ምሳ ሲመጣ እመጫቷ «ጾም ነኝ» ትላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ጿሚዎቹ ሲቀርቡ ደግሞ «ቅድም በልቻለሁ» ትላለች። ሴቶቹ አምነዋት ነበር። የነቁባት እማማ ናቸው።

«እመጫት ምን ጾም አለባት? የእናንተው ቄስ እንኳ እሺ አይሏትም» አሉኝ በሹክሹክታ። «እህል ካልቀመሰች ወተቱ ይነጥፋል። ነገ ቢፈቷት ለልጅቱ ምን ልትሰጣት ነው? እኔ ለምኜ ደከመኝ። እስቲ አንቺ በታሪክሽ አባብያት።»

ለዚህማ አለሁ አልኩ። የሁለተኛውን መጽሐፌን ታሪክ አመጣሁ። አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አለች፤ ባሏ ጥሏት ይሄዳል፤ ልጇ በጠና ይታመማል። ሦስት ቀን ትጸልያለች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ይድናል፣ ባልየው ስጦታ ይዞ እያለቀሰ ይመለሳል፣ ሽንኩርቱ እንኳ ይወደድላታል። እማማ ዕንባቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። ሌሎቹ እልል ሊሉ ትንሽ ነበር የቀራቸው፤ ጠባቂዋ ፖሊስ ከውጭ በሩን ባትመታው።

ያን ጊዜ ከጥጉ ድምፅ መጣ። እመጫቷ ናት።

«እትዬ፣ ያንቺ እግዚአብሔር ይቸኩላል።»

«እንዴት?»

«ሦስት ቀን አልሽ። እኔም እኮ ጸልያለሁ።»

ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ሳበችው። ሌላ ሰው ቢለኝ እከራከር ነበር፤ ለክርክር አፍ አላጣም። ግን ከብርድ ልብሱ ሥር ትከሻዋ ሲርገፈገፍ እያየሁ ምን ልበላት? አንጀቴን በላችው። ላጽናናት ሄጄ የሌላትን ነገር አሳይቻት ተመለስኩ።

በማግስቱ ምሳ መጣ። ደንቡ፣ ምግቡን ያመጣው ዘመድ በጠባቂዋ ፊት ቀምሶ ያስገባል። የማይጾሙት ጥቂቶች በሉ፤ የሌሎቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠ። እማማ ሙስሊም ሆነው ሳለ ከጿሚዎቹ ቀድመው አይበሉም፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላሉ።

«ደራሲዋ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ዛሬም ጀምሪልን» አሉኝ።

የምጀምረው አልነበረኝም። ከመጽሐፎቼ ውስጥ አንዱንም ታሪክ እዚያች ልጅ ፊት ማውጣት አፈርኩ። መጨረሻውን ሳላውቅ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። አንዲት ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትመጣለች። የምትለምነው አንድ ነገር አላት። በሩ ተዘግቷል። ታንኳኳለች፤ የሚከፍት የለም። ደጁ ላይ ቁጭ ትላለች። ፀሐዩ ይበረታል። እዚህ ስደርስ ቆምኩ።

«ከዚያስ?» አሉ እማማ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«እንዴት አታውቂም? ያንቺው ተረት አይደለም እንዴ?»

«ነው። በሩ አልከፈት አለኝ።»

ተንኮል አልነበረኝም፤ እውነቴን ነው። ከውጭ የረዳቱ ጩኸት ብቻ ይመጣል።

«ወደ ቤቷ አትሄድም» አለ ድምፅ ከጥጉ።

ማናችንም አልዞርንም። ካየናት ዝም እንዳትል ፈርተናል።

«ለምን አትሄድም?» አሉ እማማ፣ የሻርፓቸውን ጫፍ እየፈተሉ።

«ልጅ ሲያለቅስ ሰማቻ። የሌላ ሰው ልጅ ነው። እናቱ ጠበል ልትቀዳ ወርዳ ዘግይታለች። የሴትየዋ ጡት ሞልቶ ቀሚሷን አራሰው። የራሷ ልጅ ሩቅ ናት፤ ምን ታድርግ? አነሳችውና አጠባችው።»

ስዞር ተነስታ ተቀምጣለች። ፊቷን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በጣም ልጅ ናት።

«ከዚያስ?» አልኩ በተራዬ።

«ከዚያማ ልጁ ተኛ።»

«በሩስ?»

«በሩ አልተከፈተም። ልጁ ግን ተኛ።»

ሁለት መጻሕፍት ጽፌ እንዲህ ያለ መጨረሻ ወጥቶኝ አያውቅም። ቅናት አልያዘኝም፤ ደስ አለኝ፤ ዕንባዬም መጣ።

እማማ ጊዜ አላጠፉም። ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱና በጉልበታቸው ተንፏቀው አጠገቧ ደረሱ። ልጆች ሳለን ተረት የጨረሰ ሰው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይል የለ? እኛ ቤት ለአፍ ያህል ነበር የሚባለው፤ ዳቦ የሚያመጣ አልነበረም። በእማማ አባት ቤት ግን የምር ነው። ተረት የነገረ ሰው አፉ ሳይታበስ ከተነሳ ቤቱ በረከት ያጣል።

«ተረትሽን መልሰናል። በይ አፍሽን ላብሰው» አሏት።

«እማማ፣ እኔ እኮ ቅድም…»

«ቅድም ስለበላሽው ማን ጠየቀሽ? ይሄ ምሳ አይደለም፣ ደንብ ነው። አፉ ሳይታበስ ከቤቴ የወጣ ተረት ነጋሪ የለም። እዚህ ስላስገቡኝ ደንቤን ልተው?»

ዳቦውን ከንፈሯ ላይ አስነኩት። መጀመሪያ በእጇ ያዘችው። ከዚያ ነከሰችው። እኛ በያለንበት ሥራ አገኘን፤ አንዷ የተፈታ ፀጉሯን ትጎነጉናለች፣ አንዷ የታጠፈ ብርድ ልብስ ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች። እመጫቷ እያለቀሰች ዳቦውን ጨረሰች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሽሮው ሲቀርብ ማንም ሳይጠራት መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ጉልበቴን ነካው። እንዴት እንደወደድኳት!

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጡቷ ከበዳት። ምሳ ዕቃዬን ለመነችኝ፤ በሳሙና ደጋግሜ አጥቤ ሰጠኋት። እማማ ሻርፓቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው መጋረጃ ሆኑላት። ክንዳቸው ሲዝል ሌላዋ ተቀበለቻቸው፤ እሷ ሲደክማት እኔ ያዝኩት። ከሻርፑ ወዲያ ወተቱ የዕቃውን ግድግዳ ሲመታ ይሰማል።

ወደ ማታ እራት ሲመጣ ባዶ ምሳ ዕቃዎች ለዘመድ ይመለሳሉ። ጠባቂዋ እያንዳንዱን ከፍታ ታያለች። የእመጫቷ ተራ ሲደርስ እጇ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እመጫቷ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ነበር።

«የልጄ እራት ነው» አለች። «አክስቷ በር ላይ ናት።»

የሚገባ ምግብ እንዲቀመስ ደንብ አለ። ስለሚወጣ ምግብ ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ጠባቂዋ አንዴ ዕቃውን አንዴ እሷን አየች። እመጫቷ ማንም ሳያዛት ጣቷን ነከር አድርጋ ፊት ለፊቷ ቀመሰች፤ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በደንቡ መሠረት። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ክዳኑን አጥብቂው» አለቻት ጠባቂዋ። ከሌሎቹ ዕቃዎች ለይታ፣ ራሷ በእጇ ይዛው ወጣች።

በነጋታው ጠዋት ስሜ ተጠርቶ ተፈታሁ።

ዛሬ ማኅበራችን ከሥላሴ ወረድ ብላ ባለች አዳራሽ ይሰበሰባል። አሁን ፈቃድ አለን፤ ግድግዳው ላይ ለጥፈነዋል። ጀማሪዎች ይመጡና ምን እናንብብ፣ የት እናሳትም፣ በምን እንጀምር ይሉኛል። የማውቀውን አልነፍጋቸውም። ማተሚያ ቤት ከመሮጣችሁ በፊት የማታወድሳችሁ አንዲት አንባቢ ፈልጉ እላለሁ። አትክልት ተራ ሂዱና ሰው ሲጨቃጨቅ ስሙ፤ ሰካራምን ከሰካራም ተማሩ። የሃይማኖት ነገር ስትጽፉ መምህር ጠይቁ፤ የጾም ሥርዓት የሚስት ደራሲን የደብሩ አሮጊቶች አይምሩትም። ስብከቱን ለሰባኪው ተዉለት፣ እሱም ሥራ ይኑረው። ደግሞ እግዚአብሔርን አታስቸኩሉት። ይህችን የመጨረሻዋን ስናገር ለምን ይላሉ፤ እኔም ይህንኑ እተርክላቸዋለሁ።

በቀደም ስጨርስ አንድ ወጣት እጁን አወጣ።

«ወተቱ ደረሰ? ልጅቷ ጠጣች?»

«አላውቅም» አልኩት።

ፈልጌያቸዋለሁ። ሰፈራቸው ሄጄ ነበር፤ ሰፈሩ የለም፤ ሰዉ በየዳርቻው ተበትኗል። እማማ ከእኔ በኋላ ወጥተዋል፤ አሁንም እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። እመጫቷን እኔ በወጣሁ ማግስት ወደ ሌላ ቦታ እንደወሰዷት እንጂ ከዚያ ወዲህ ያለውን እሳቸውም አያውቁም።

ወጣቱ ቅር አለው። «ታዲያ እንዲህ ይቀራል? ደራሲ አይደለሽም እንዴ፣ ጨርሺዋ!»

ከኋላ ወንበር ላይ፣ እስካሁን አንድም ነገር አንብባልን የማታውቅ ዝምተኛ ልጅ አለች። እሷ ቀስ ብላ ተነሳች።

«እትዬ፣ የሕፃኗን የክርስትና ስም ታውቂዋለሽ?»

አውቀዋለሁ። ስንሰናበት እናትየዋ አንገቴን አቅፋ በጆሮዬ ነግራኛለች።

«ለምን ፈለግሽው?»

«በጸሎት ላስባት።»

ነገርኳት። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት። ቅር ያለው ወጣት ወደ እሷ ዞሮ አያት፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«ስሟን አልሰማሁትም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለእኔም ድገሚልኝ።»