አጎቴ መቆፈር ያልወደዱት መደብ

አጎቴ አሰብ የተመደቡት ለሁለት ዓመት ተብለው ነበር። በየጥቅምቱ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ግቢያችን ውስጥ የጎመንና የቲማቲም መደብ ያዘጋጃሉ። አፈሩን ከፍየል ፍግ ጋር ያቀላቅሉና እንደ አገራቸው እንደ ጎጃም ከፍ አድርገው ይከምሩታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማጠጣው እኔ ነኝ። ውሃው ወደ ጎን ይወርዳል፤ ጨው አናቱ ላይ እንደ አመዳይ ይወጣል፤ ችግኙም ይደርቃል።

ወደብ ላይ የሚሠራው አፋር ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል እያየ ይስቃል።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር መደብ ወደ ታች ነው። ቆፈር አድርገው ውሃውን ያቁሩለት።»

«እኔ አሰብ ላይ ጉድጓድ አልቆፍርም! ልቀበር መጣሁ እንዴ? ለከርሞ አገሬ ነኝ።»

በየዓመቱ እንዲህ ይሉ ነበር። የዝውውር ማመልከቻም በየዓመቱ ይጽፋሉ። በስድስተኛው ዓመት «አልተፈቀደም» የሚል መልስ መጣ። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ዶማውን አነሡና መደቡን ወደ ታች ቆፈሩት።

«በይ፣ ውሃ አምጪ» አሉኝ።

ያን ዓመት ጎመኑ አማረ። ጎረቤታችን እንኳ አልቀለደም። ከዚያ ወዲያ «ለከርሞ» ሲሉ አልሰማኋቸውም። ያረፉትም እዚያው አሰብ ነው። እኔ ከተማውን ለቅቄ ስወጣ መደቡ ገና አረንጓዴ ነበር፤ ከእኔ በኋላ የሚያጠጣው ሰው ግን አልነበረም።